ክሩ ይቅደም ወይስ ብሩሹ? ከሲዋክ እስከ ጥርስ ክር



ጁሙዓ ቀን በቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያለፈ ሰው ይህን አያጣውም። ሰፈሩ ሶማሊ ወንድሞቻችን በብዛት የሚኖሩበት ስለሆነ ብዙዎች «ትንሿ ሞቃዲሾ» ይሉታል። ከሶላት በፊት ሽቶ፣ ኮፍያና መስገጃ ከሚሸጡት ጎን እስር እስር የተደረገ ሲዋክ ይዞ የቆመ ሰው አለ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሱፐርማርኬት አለ፤ መደርደሪያው በብሩሽና በጥርስ ሳሙና የተሞላ ነው። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ብዙ ሰው ሳያያት የምታልፍ ትንሽ ክብ ዕቃ ትገኛለች፤ የጥርስ ክር ናት።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሳሳን ወጣቶች ተሰብስበን ስንጨዋወት የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ወንድማችን ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ እንደሚደማ ነገረን፤ ዕድሜው ገና 24 ነው። ሌላው ቶሎ ብሎ «ብሩሽህን ጣልና ሲዋክ ያዝ» አለው። ሦስተኛው ሳቀና «በዚህ ዘመን እንጨት?» አለ። አንዲት እህታችን ግን የሁሉንም አፍ ያስያዘ ጥያቄ አመጣች፤ «ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ በጥርሱና በጥርሱ መሀል የሚያጸዳ አለ? ካለስ ከመቦረሹ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» መልስ የሰጠ አልነበረም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ፍለጋ ስንሄድ ግን ረጅም ታሪክ ውስጥ ገባን። ታሪኩ የኛም ነው፤ በመንገድ ላይ የጣልነውን አንድ ነገርም አስታወሰን። እስኪ ከመጀመሪያው እንጀምር።

መፋቂያው

በአገራችን ጥርስን በእንጨት መፋቅ ሙስሊም ክርስቲያን፣ ገጠር ከተማ ሳይል የሁሉም ልማድ ነው። በደጋው ወይራ፣ ክትክታ፣ ልምጭ የመሳሰሉት ይቆረጣሉ። ልጣጩ ይላጣል፣ ጫፉ ይታኘካል፣ እንደ ብሩሽ ሲበተን ጥርስ ይፋቅበታል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መፋቂያ በእጃቸው ይዘው የሚዞሩ ልጆችን ያላየ የለም። የድድ ነገርም ለአያቶቻችን ትልቅ ነገር ነበር። በብዙ አካባቢ ሴቶች ለውበት ብለው ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ነጭ ጥርስ በጠቆረ ድድ ላይ ሲታይ ያምራል ተብሎ።

በቆላው ደግሞ ሌላ ዛፍ አለ። አረቦች አራክ ይሉታል፣ በሳይንስ ስሙ ሳልቫዶራ ፐርሲካ ነው። በአፋርና በሶማሌ ምድር፣ በደረቁ መሬት ላይ ይበቅላል። በቦሌ ሚካኤል ታስሮ የሚሸጠው ሲዋክ የዚሁ ዛፍ ሥር ወይም ቅርንጫፍ ነው። በሌላ አነጋገር ሲዋክ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ የእንግዳ ዕቃ አይደለም፤ ዛፉ በገዛ አገራችን አለ።

ለሙስሊሙ ግን ነገሩ ከልማድ በላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሕዝባቸው አስቸጋሪ እንዳይሆን ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክ እንዲጠቀሙ ያዟቸው እንደነበር ተዘግቧል። ቤታቸው ሲገቡ በሲዋክ ይጀምሩ፣ ሌሊት ሲነሱም አፋቸውን ያጸዱ ነበር። ምላሳቸውንም ጭምር በሲዋክ ይፍቁ እንደነበር ሶሓባዎች አስተላልፈዋል።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚነካው የመጨረሻው ቀን ዘገባ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእናታችን አዒሻ (ረ.ዐ) ደረት ላይ ተደግፈው ሳለ ወንድሟ ዐብዱረሕማን ሲዋክ ይዞ ገባ። ዓይናቸው ሲዋኩ ላይ አረፈ። አዒሻም መፈለጋቸውን ተረድታ ከወንድሟ ተቀበለች፣ በጥርሷ አኝካ አለሰለሰችላቸውና ሰጠቻቸው። ከዚህ ዓለም ሊለዩ በተቃረቡበት ሰዓት እንኳ አፋቸውን አጸዱ። ሲዋክ ከመነካቱ በፊት ጫፉ መለስለስ እንዳለበትም ከዚሁ እንማራለን፤ ደረቅ እንጨት ድድን ይጎዳል።

የረሳነው ሁለተኛው ሥራ

እስካሁን ያወራነው የጥርስን ፊት ስለ ማጽዳት ነው። የጥርሱ መሀልስ?

በኢስላማዊው የአመጋገብ ሥርዓት ለዚህ የራሱ ስም አለው፤ ኺላል ይባላል። ከምግብ በኋላ በጥርስና በጥርስ መካከል የቀረውን ማውጣት ማለት ነው። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ)፣ እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ታላቅ ዓሊም፣ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተሰኘው ኪታባቸው የመብላት አደቦችን ሲዘረዝሩ ይህን አልዘለሉትም። ሰው በልቶ ሲጨርስ ኺላል እንዲያደርግ፣ በስንጥሩ ከጥርስ መሀል የወጣውን እንዳይውጥ፣ ከዚያ በኋላ አፉን እንዲጉመጠመጥ ይመክራሉ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ መሀሉ ይጸዳል፣ ቀጥሎ አፉ ይታጠባል። የሚቀጥለው ሶላት ሲደርስ ደግሞ ውዱእ አለ፣ ሲዋክ አለ። ይህን ሥርዓት የያዘ ሰው ሳያስበው ከጠባቡ ወደ ሰፊው ያጸዳል።

በእኛም ቤት ይህ እንግዳ አልነበረም። አባቶቻችን ሥጋ በልተው ሲጨርሱ ስንጥር ፈልገው ጥርሳቸውን ይጎረጉሩ ነበር። ዛሬም በቦሌና በገርጂ ሥጋ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ስቴኪኒ ይቀመጣል፤ ቃሉን ከጣሊያንኛ ወርሰነዋል።

አንድ ሌላ ሰው እንጨምር። በአንደሉስ፣ በኮርዶባ አቅራቢያ የኖረው ሐኪም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» በተባለው ሰፊ የሕክምና ሥራው ስለ ቀዶ ሕክምና ሲጽፍ ለጥርስ ቦታ ሰጥቷል። በጥርስ ውስጥና ውጭ፣ እንዲሁም በድድ አካባቢ የሚለጠፈው ሻካራ ነገር ቀለሙን እየለወጠ ድድን እንደሚያበላሽ ገልጿል። ሐኪሙ ተፍቆ እስኪያልቅ ድረስ እንዲፍቀው፣ በአንድ ቀን ካላለቀ በሌላ ቀን እንዲደግመው መክሯል። የሚፍቅባቸውን ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን መሣሪያዎችም ሥሏል። ዛሬ በቦሌ ክሊኒክ ተቀምጠን የምናስደርገው እጥበት የዚያው ሥራ ታናሽ ወንድም ነው ብንል አልተሳሳትንም። አዝ-ዘህራዊ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1013 ገደማ ነው፤ ከሺህ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ብሩሹ እንዴት መጣ?

በእጃችን ያለው ብሩሽ ዓይነት በመጀመሪያ የተሠራው በቻይና እንደነበር ይነገራል፤ እንስሳ ፀጉር በአጥንት ወይም በቀርከሃ እጀታ ላይ ተተክሎ። በአውሮፓ በብዛት እየተመረተ መሸጥ የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ በእንግሊዝ ነው። የጀመረው ሰው ስም ዊሊያም አዲስ ይባላል። ከአዲስ አበባችን ጋር ዝምድና የለውም፤ የስም መገጣጠም ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የብሩሹ ፀጉር የእንስሳ ነበር፣ ብዙውን ጊዜም የአሳማ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሙስሊሞች ለረጅም ዘመን በጥርጣሬ ማየታቸው የሚያስገርም አይደለም። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ በአሜሪካ ከናይለን የተሠራ ብሩሽ ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ ከሱፐርማርኬት የምንገዛው ብሩሽ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ክር ነው።

ቦሌ ራሱ የዚያ ዘመናዊነት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጄት አውሮፕላን ሊያርፍበት የሚችል አየር ማረፊያ በሜዳው ላይ ሲሠራ ከተማው ወደ ምሥራቅ ተሳበ። ዛሬ ገርጂ፣ ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ አያት የምንላቸው ሰፈሮች እየተጨመሩ ሄዱ። ከሰፈሩ ጋር አኗኗሩም ተለወጠ። ታላላቆቻችን ሲያወጉ ብሩሽና ኮልጌት መያዝ የተማረና የከተማ ሰው ምልክት እንደነበር ይናገራሉ። መፋቂያ ቀስ በቀስ የገጠር፣ የድሮ፣ የድሃ ተደርጎ ታየ።

ብሩሹ መምጣቱ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነው። መፋቂያውን በብሩሽ ተካን፤ ስንጥሩን ግን በምንም ሳንተካ ተውነው። ሁለት ሥራ የነበረው አንድ ሆነ። ያ 24 ዓመቱ ወንድማችን በቀን ሁለቴ እየቦረሸ ድዱ ለምን እንደሚደማ ያልገባው ለዚህ ይሆናል።

በጥርስ መሀል ያለው ዓለም

እ.ኤ.አ. በ1683 በኔዘርላንድ ዴልፍት ከተማ የሚኖር አንቶኒ ቫን ሌዎንሁክ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። ሰውዬው አጉሊ መነጽር መሥራት ይወድ ነበር። ጥርሱን በየቀኑ በጨው ያሻል፣ በጨርቅ ይወለውላል፣ መንጋጋውን ይጎረጉራል። ይህን ሁሉ አድርጎ እንኳ በጥርሶቹ መሀል እንደ ሊጥ ያለ ነጭ ነገር ቀረ። ያን ነገር በውኃ በጥብጦ በመነጽሩ ሲያየው የሚንቀሳቀሱ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ተመለከተ። የሰው ልጅ ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ካየባቸው ቦታዎች አንዱ የሰው ጥርስ መሀል ነው ማለት ነው። ያየውም ጥርሱን በየቀኑ በሚያጸዳ ሰው አፍ ውስጥ ነው።

ያ ነጭ ነገር ዛሬ ፕላክ ይባላል። ስስና የሚያጣብቅ ሽፋን ሲሆን ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ነው። ስኳርና እንጀራ ዳቦ የመሳሰለውን ምግብ ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ጥርስን ይቦረቡራል። ሽፋኑ ሳይነካ ሲቆይ ደግሞ ድድ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ከዚያም ምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን እየጠነከረ ታርታር የሚባለው ድንጋይ ይሆናል። ታርታር ከሆነ በኋላ ብሩሽም ክርም ሲዋክም አያነሳውም፤ የሐኪም ሥራ ነው። ዝም ከተባለ ችግሩ ከድድ አልፎ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። ጥርሱ ሳይቦረቦር፣ ሳይታመም ተነቃንቆ ይወድቃል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በዴንማርክ 12 ጤናማ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አድርጎ ነበር። ሁሉም በሦስት ሳምንት ውስጥ ድዳቸው ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት አካባቢ ውስጥ ዳነላቸው። ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ መድማት ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ይመለሳል። አጥንት ከሄደ በኋላ ግን አይመለስም።

አሁን የጥርሳችንን ቅርጽ እናስብ። አንድ መንጋጋ አምስት ፊት አለው፤ የውጭ፣ የውስጥ፣ የማኘኪያው እና ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱን የሚነካባቸው ሁለት ጎኖች። ብሩሽ ሦስቱን ይደርሳል። ሁለቱን ጎኖች አይደርስም፣ ክፍተቱ ጠባብ ነውና። ሲዋክም ያው ነው። ፍንጭት ያለው ሰው በፊት ጥርሱ ትንሽ ይቀለው ይሆናል፤ መንጋጋው ላይ ግን ከማናችንም አይለይም።

ክሩ

ለእነዚህ ሁለት ጎኖች የመጣው መፍትሔ ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ሌቪ ስፒር ፓርምሊ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ በኒው ኦርሊንስ የሠራ ሰው፣ ስለ ጥርስ አያያዝ መጽሐፍ አሳተመ። ብሩሽን ይመክራል፣ ማወልወያን ይመክራል፤ ከሁሉ አስበልጦ የያዘው ግን በሰም የተነከረ የሐር ክር ነው፤ በጥርሶች መሀል እንዲያልፍ። ፋብሪካዎች የሐር ክር ለገበያ ማቅረብ የጀመሩት ብዙ ቆይተው፣ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ሐር ውድ ስለነበር ብዙ ሰው አልለመደውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ናይለን ሐርን ሲተካ ክሩ ረከሰ። በዚያው በኒው ኦርሊንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ቻርልስ ባስም ከጡረታቸው በኋላ በጥርስ መሀል ያለውን ቆሻሻ ሲያጠኑ ኖሩ፤ ብሩሹን ወደ ድድ አዘንብሎ የመቦረሽ ስልት ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ ኺላልና ክር የአንድ ሥራ ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። ልዩነት ግን አላቸው። ስቴኪኒ የተሰነቀረ ሥጋ ያወጣል፤ በጥርሱ ጎን ላይ የተለጠፈውን ፕላክ ግን ጠርጎ አያነሳም፣ በኃይል ከገባም ድድ ይወጋል። ክር ጎኑን አቅፎ ይጠርጋል። ጥርሳቸው መሀል ሰፊ ክፍተት ላላቸው ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ቀጭን ብሩሽ አለ።

ታዲያ የቱ ይቅደም?

ወደ እህታችን ጥያቄ ተመለስን። እ.ኤ.አ. በ2018 በኢራን መሽሀድ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ፈትነውታል። 25 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን ወስደው አንድ ጊዜ ቦርሸው ክር እንዲጠቀሙ፣ ሌላ ጊዜ ክር ተጠቅመው እንዲቦርሹ አደረጉ። ክሩ ሲቀድም በጥርስ መሀል የሚቀረው ፕላክ ቀነሰ። ከጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድም በዚያ ቦታ የበለጠ ቆየ።

ምክንያቱ አይከብድም። ለዒድ ቤት ስናጸዳ መጀመሪያ ከአልጋ ሥርና ከጥጋጥጉ ያለውን አውጥተን ወለሉ መሀል እናደርሰዋለን፤ ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ጠርገን እንወለውላለን። ወለሉን ወልውለን ስንጨርስ የአልጋውን ሥር ብንጠርግ ድካማችን መና ይቀራል። ጥርስም እንዲሁ ነው። ክሩ ከጠባቡ ቦታ ያወጣውን ብሩሹ ከአፍ ያስወግደዋል፤ የተከፈተው ቦታ ውስጥ ደግሞ ፍሎራይዱ ይገባል።

የሚገርመው ነገር መሽሀድ ያለችው ጡስ ከምትባለው ጥንታዊ ከተማ አጠገብ ነው። ጡስ የኢማም አል-ገዛሊ የትውልድ አገር ናት። ከኺላል በኋላ መጉመጥመጥን የጻፉት ሰውና ክሩ ይቅደም ያለው ጥናት በዘመን ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ተራርቀው በቦታ ጎረቤት ሆኑ።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ዓይነት መገጣጠም ስናገኝ «ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን እኛ ድሮ እናውቀው ነበር» ብለን መለጠፍ ይቀናናል። እኛም ብዙ ጊዜ ሳናጣራ አጋርተናል፤ ጥፋታችንን እናምናለን። አል-ገዛሊ ስለ ፍሎራይድ አልጻፉም፣ የጻፉት ስለ አደብና ንጽሕና ነው። የመሽሀዱ ጥናትም 25 ሰው ላይ የተሠራ ትንሽ ጥናት ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ በደንብ እስከተሠራ ድረስ የቱም ቢቀድም ችግር የለውም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የክር ጥቅም በጠንካራ ጥናት አልተደገፈም የሚል ዜና በአሜሪካ ተሰራጭቶ ብዙ ሰው ክሩን ሊጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ከብሩሽ ጋር ክር መጠቀም የድድ መቆጣትን ከብሩሽ ብቻ የበለጠ ሊቀንስ እንደሚችል አሳየ፤ ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነም አልደበቀም።

ስለዚህ መልሳችን እንዲህ ነው። ምርጫ ካለህ ክሩን አስቀድም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለቱም መሠራታቸው ነው። አስቀድመህ ስትሠራው ሌላም ጥቅም አለው፤ ቦርሸን ስንጨርስ አፋችን ቀዝቅዞ «ጨረስኩ» የሚል ስሜት ይመጣል፣ ክሩም ለነገ ይተላለፋል። የተቀደመ ሥራ አይረሳም።

ስለ ሲዋክ እውነቱን እንነጋገር

አሁን ወደ ሁለቱ ወንድሞቻችን ክርክር እንመለስ፤ «ብሩሽህን ጣል» ወዳለውና «በዚህ ዘመን እንጨት?» ብሎ ወደ ሳቀው።

ለሚስቀው ወንድማችን፦ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት አለ፤ ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በራሳችን አገር ተማሪ ልጆች ላይ ነው የሠራው። መፋቂያ በአግባቡ ሲያዝ ከብሩሽ እንደማያንስ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ልማዱ ባለባቸው አገሮች ሲዋክ መጠቀምን አበረታቷል። አያቶቻችንን የጠበቀ ነገር መሳቂያ አይደለም።

«ብሩሽህን ጣል» ላለው ወንድማችን፦ ሲዋክ ሱንና ነው፣ አጅር ያለበት ዒባዳ ነው። ይህን ለማክበር የተጋነነ ነገር አያስፈልገንም። በሲዋክ የተሰገደ ሶላት ያለ ሲዋክ ከተሰገደው ሰባ እጥፍ ይበልጣል የሚለውን ዘገባ ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ደካማ ብለውታል። ሲዋክ የማይፈውሰው በሽታ የለም እያሉ የሚዞሩ ጽሑፎችም ማስረጃ የላቸውም። ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) የሲዋክን ጥቅም ከዘረዘሩ በኋላ በመጠኑ መጠቀምን ይመክራሉ፤ ካልታወቀ ዛፍ እንዳይቆረጥም ያስጠነቅቃሉ፣ መርዛማ ሊሆን ይችላልና። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ ዓሊም ይህን ያህል ጠንቃቃ ከሆነ፣ እኛ ስልክ ይዘን ለምን እንቸኩላለን?

ሲዋክ ጥርስህ መሀል አይገባም። ብሩሽም አይገባም። ሁለቱን ማጣላት መሀሉን ማስረሳት ነው።

ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?

አንድ፣ ክሩ። ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁረጥ፣ በሁለቱ መሀል ጣቶችህ ላይ ጠምጥም። በጥርሶችህ መሀል በቀስታ እያንሸራተትክ አስገባ፤ በኃይል አትጫነው፣ ድድ ይቆርጣል። ከገባ በኋላ የአንዱን ጥርስ ጎን አቅፈህ ከድዱ ሥር ጀምሮ ወደ ጫፉ ጥረግ፤ ከዚያ የጎረቤቱን። ለእያንዳንዱ ክፍተት ንጹሕ የክሩን ክፍል ተጠቀም። ከመጨረሻው መንጋጋ ጀርባም አትርሳ።

ሁለት፣ ብሩሹ። ፀጉሩ ለስላሳ ይሁን። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ብሩሹን ጥርስና ድድ ወደሚገናኙበት አዘንብለህ፣ በትንንሽ እንቅስቃሴ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቦርሽ። ምላስህንም አትዝለል። አረፋውን ትፋ፤ ነገር ግን ወዲያው በብዙ ውኃ አትጉመጥመጥ፣ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ከጥዋትና ማታ የማታው ይበልጣል፤ ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው ይመቸዋል።

ሦስት፣ ሲዋኩ። በውዱእ ጊዜ፣ ከሶላት በፊት፣ ቤት ስትገባ። ጫፉ ሲያረጅ ቁረጠው፣ አዲሱን አለስልሰው፣ ድድህን አትፈትግበት።

በረመዳን ደግሞ ክሩና ብሩሹ ከሱሑር በኋላ ፈጅር ሳይገባ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ቀን ላይ ሲዋክ አለ። ከዙህር በኋላ ያለውን ሰዓት በተመለከተ በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም እንደማይወደድ ነው፤ ሐነፊዮች ግን ችግር የለውም ይላሉ። በዚህ እርስ በርስ አንወቃቀስ።

ክር ስትጀምሩ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድድ ቢደማ አትደንግጡ፣ አታቁሙም፤ በአብዛኛው በአንድ ሁለት ሳምንት ይቆማል። ካልቆመ፣ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ወይም ድድ ወደ ሥር ከሸሸ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሳይታመም አይሄድም የሚለው ልማዳችን ነው ብዙ ጥርስ ያስነቀለን።

ያ ወንድማችን አሁን በማታ ክሩን አስቀድሞ ይጠቀማል፤ ሲዋኩም ኪሱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ምራቁ ቀይ እንደነበርና ሊተወው እንደነበር ነግሮናል። ባለፈው ስንገናኝ ግን ነጭ ብሩሽ እንደገዛ አጫወተን። ለምን ነጭ ስንለው «ደም ቢኖር ይታየኛል ብዬ» አለን። እስካሁን ንጹሕ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ጽሑፉን ድዱ እየደማ ዝም ላለ ወዳጃችሁ አጋሩለት። ወላሁ አዕለም።